ምዕራፍ ስድስት፦ ብረቱ ቀልጦ ስሙ ሲተርፍ

ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተሰባቸውና ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ጅቡቲ ወደብ ላይ ትጠብቃቸው ወደነበረች የእንግሊዝ ክሩዘር ወጡ። በማግስቱ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። መርከቧ በቀይ ባሕርና በስዊዝ ቦይ አድርጋ ሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ አደረሰቻቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጡ እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያንን ስደት የሚተርኩ መጻሕፍት የመርከቧን ስም ጠቅሰው ያልፋሉ፤ ኢንተርፕራይዝ ትባል ነበር።

አምስት ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 23 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ውስጥ በቨርጂኒያ ግዛት ኒውፖርት ኒውስ ከተባለው የመርከብ ግንባታ ሥፍራ ሌላ መርከብ ውኃ ላይ ወረደች። ይቺኛዋ አውሮፕላን ተሸካሚ ናት። ስሟም ኢንተርፕራይዝ ነው።

ሁለቱ አገሮች ተነጋግረው ያደረጉት አይደለም፤ አንዱም ከሌላው አልኮረጀም። እያንዳንዳቸው ከቀደሙ መርከቦቻቸው የወረሱትን ስም ነው ያነሱት። የውርሱ መነሻ ግን በሁለቱም ዘንድ ምርኮ ነው። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዞች በ1705 ከፈረንሳይ ባሕር ኃይል አንዲት መርከብ ማረኩ፤ ስሟን ሳይለውጡ ወደ ራሳቸው አፍ አስማምተው የባሕር ኃይላቸው መዝገብ ላይ አሰፈሩት። አሜሪካኖች ደግሞ በ1775፣ ነጻነታቸውን ገና ሳያውጁ፣ በቤኔዲክት አርኖልድ መሪነት ከእንግሊዞች አንዲት ትንሽ መርከብ ወስደው ኢንተርፕራይዝ አሏት። አርኖልድ ኋላ ከድቶ ወደ እንግሊዝ ወገን የገባ ሰው ነው። እሱ ከሃዲ ተባለ፤ ያወጣው ስም ግን ሳይነካ ቀረ።

ስም ከባለቤቱ ተነጥሎ እንዲህ ሲጓዝ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነበር። ከፈረሱ ወደ ጌታው አለፈ፤ ከጌታው ኮሪያ ወደዘመተው ሻለቃ፣ ቀጥሎም አሥመራ ላይ ወደነበረው የአሜሪካ የመገናኛ ጣቢያ ተሻገረ። ጣቢያውን በዚያ ስም ይጠሩ ከነበሩት ወጣት የአሜሪካ ወታደሮች ስንቱ ስለ ፈረሱ ሰምቶ ነበር? የጦር መርከብ ስምም ጉዞው ይኸው ነው። መነሻው ቢዘነጋም ስሙ ሥራውን አያቆምም።

ይህ ምዕራፍ ያንን ሥራ ይመለከታል። ብዙ ሰው የመርከብ ስም ያለፈውን የሚዘክር ጌጥ ይመስለዋል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። መንግሥታት በመርከብ ስም አማካይነት ማን እንደሚታወስ ይወስናሉ፤ የወሰኑትንም ብዙ ጊዜ መልሰው ይሽራሉ።

ሰያሚው ማን ነው?

በአሜሪካ የጦር መርከብ የመሰየም ሥልጣን የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ነው። ኮንግረስ በ1819 ባወጣው ሕግ ትልልቆቹ መርከቦች በግዛቶች፣ መካከለኞቹ በወንዞች፣ ትንንሾቹ በከተሞች ስም እንዲጠሩ ደንግጎ ነበር። የመርከብ ዓይነት ሲበዛ ሥርዓቱም ሰፋ። ባትልሺፕ የግዛት፣ ክሩዘር የከተማ፣ ዲስትሮየር የጀግና ባሕረኛ፣ ሰርጓጅ መርከብ የዓሣ ስም ያዘ። የባሕር አውሮፕላኖችን የሚያግዙ ትንንሽ መርከቦች በባሕረ ሰላጤዎች ተጠሩ። አውሮፕላን ተሸካሚ የተባለው አዲስ ፍጥረት ሲመጣ ደግሞ የታላላቅ ጦርነቶችና የጥንት ዝነኛ መርከቦች ስም ተመደበለት፦ ሌክሲንግተን፣ ሳራቶጋ፣ ዮርክታውን፣ ኢንተርፕራይዝ፣ ሆርኔት።

ይህ ሥርዓት በ1970ዎቹ ሲላላ ምክንያቱ ፖለቲካ ነበር። ሰርጓጆቹ ከዓሣ ወደ ከተማ ስም ዞሩ። የኑክሌር ባሕር ኃይል አባት የሚባለው አድሚራል ሪኮቨር ለምን ተብሎ ሲጠየቅ «ዓሣ ድምፅ አይሰጥም» አለ ይባላል። ከተማ መራጭ አለው፤ መራጭ የምክር ቤት አባል ይልካል፤ አባሉም በጀት ያጸድቃል።

ጃፓኖች ከመጀመሪያው አንስቶ መርከብ በሰው ስም አይጠሩም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ባትልሺፖቻቸው በጥንት ክፍለ ሀገሮች፣ ከባድ ክሩዘሮቻቸው በተራሮች ስም ይጠሩ ነበር። ለአውሮፕላን ተሸካሚዎቹ የበራሪ ፍጥረታት ስም ተመረጠ። ሂርዩና ሶርዩ ዘንዶዎች፣ ሾካኩና ዙይካኩ ደግሞ ወፎች ናቸው። አካጊ ግን ተራራ፣ ካጋም ክፍለ ሀገር ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ አካጊ ባትልክሩዘር፣ ካጋ ባትልሺፕ እንዲሆኑ ተጀምረው በ1922ቱ የዋሽንግተን ስምምነት ምክንያት ወደ አውሮፕላን ተሸካሚነት ተለወጡ። ሥራቸው ሲቀየር ስማቸው ባለበት ቀረ፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ከስማቸው ብቻ የትውልድ ታሪካቸውን ያነባል።

ስሙ በአንድ ቀን አይጸናም። መጀመሪያ የመርከቧ አከርካሪ የሆነው ኪል ሲዘረጋ የክርስትና እናት ሆና የተመረጠችው ሴት የስሟ መነሻ ፊደላት በብረት ላይ ይበየዳሉ። ግንባታው ሲገፋ ያቺው ሴት የሻምፓኝ ጠርሙስ ከመርከቧ አፍንጫ ላይ ሰብራ ስሙን ጮክ ብላ ትጠራለች። በመጨረሻ መርከቧ ለባሕር ኃይሉ ስትሰጥ ሠራተኞቹ ሮጠው ይሳፈሩና ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሥነ ሥርዓት መካከል ብዙ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የስም ጦርነት የሚነሣውም በዚህ መሐል ነው።

1942፦ ስም ከሙታን ሲነሣ

በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል በስድስት ወር ውስጥ አራት ትልልቅ አውሮፕላን ተሸካሚዎች አጣ። ሌክሲንግተን ግንቦት ላይ በኮራል ባሕር፣ ዮርክታውን ሰኔ ላይ በሚድዌይ፣ ዋስፕ መስከረም ላይ በሰለሞን ደሴቶች አቅራቢያ፣ ሆርኔት ጥቅምት ላይ በሳንታ ክሩዝ ሰጠሙ። ሳራቶጋ ቆስላ ለጥገና ሄዳ ስለነበር ከሆርኔት በኋላ ጃፓንን በግንባር የምትገጥም ትልቅ አውሮፕላን ተሸካሚ ኢንተርፕራይዝ ብቻ ሆነች። እሷም ራሷ በቦምብ ተመትታለች። ሠራተኞቿ «ኢንተርፕራይዝ ከጃፓን» የሚል ጽሑፍ እንደ ስፖርት ግጥሚያ ማስታወቂያ ሰቅለው ነበር ይባላል።

የሌክሲንግተን መስጠም ወሬ ማሳቹሴትስ ሲደርስ በኩዊንሲ ከተማ የፎር ሪቨር የመርከብ ሠራተኞች ሌላ አውሮፕላን ተሸካሚ እየሠሩ ነበር፤ የተመደበላት ስም ካቦት ነው። የሰጠመችውን ሌክሲንግተን በ1925 ውኃ ላይ ያወረደው ይኸው ሥፍራ ነው። ስለዚህ መርዶው የራሳቸው እጅ ሥራ መርዶ ነበር። ለባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ለፍራንክ ኖክስ ጥያቄ ላኩ፤ በእጃችን ያለችው ሌክሲንግተን ትባልልን አሉ። ሚኒስትሩ እሺ አሉ፤ ስሙ ሰኔ 1942 ተለወጠ። ሌሎቹም ተከተሉ። ቦኖም ሪቻርድ ልትባል የነበረችው ዮርክታውን፣ ኪርሳርጅ ልትባል የነበረችው ሆርኔት፣ ኦሪስካኒ ልትባል የነበረችው ዋስፕ ሆኑ።

ይህ ሐዘን መወጣጫ ብቻ አልነበረም። ጃፓኖች አሰጠምናት ብለው ለሕዝባቸው ያወሩላት መርከብ በዓመቱ በዚያው ስም፣ በአዲስ አካል፣ ግንባሩ ላይ ተገኘች። ሁለተኛዋን ሌክሲንግተንም ሰጠመች ብለው ደጋግመው አወጁ፤ ደጋግማም ብቅ አለች። ከቀለሟና ከዚህ ታሪኳ የተነሣ «ሰማያዊዋ መንፈስ» የሚል ቅጽል ወጣላት። እስከ 1991 አገልግላ ዛሬ ቴክሳስ ውስጥ ኮርፐስ ክሪስቲ ላይ ቤተ መዘክር ናት።

በዚያው በፎር ሪቨር ሴንት ፖል ልትባል የታሰበች ክሩዘርም ትሠራ ነበር። ነሐሴ 1942 በሳቮ ደሴት ውጊያ የከተማይቱን ስም የያዘችው ኩዊንሲ ስትሰጥም ስሙ ወደ አዲሷ ተዛወረ። የዚህችን ሁለተኛ ኩዊንሲ ወለል የረገጠ አንድ እንግዳ እናውቃለን። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ በስዊዝ ቦይ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የተቀበሉት በእሷ ላይ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በኢንተርፕራይዝ በዚሁ ቦይ ተሰደው ያለፉት ንጉሠ ነገሥት አሁን በጦርነት በሞተች መርከብ ስም በተጠራች መርከብ ላይ ስለ አገራቸው የወደፊት ጥቅም ተነጋገሩ።

የአገር ስም ሲደፈር

ስም ክብር ከሰጠ ውርደትም ሊያመጣ ይችላል። ይህን ሒትለር በደንብ ገብቶት ነበር። ከጀርመን የጦር መርከቦች አንዷ በአገሪቱ ስም ዶይችላንድ ትባል ነበር። ጦርነቱ ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1939 ማብቂያና በ1940 መግቢያ ላይ፣ ስሟ ወደ ሉትዞ ተለወጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ዶይችላንድ ሰጠመች» የሚል ዜና ለጠላት ከመርከቧ መስጠም የበለጠ ድል ይሆናል። ስሙ ዳነ፤ አገሪቱ አልዳነችም።

እኛም የአገራችንን ስም የሰጠናት የጦር መርከብ ነበረችን። ዕድሜዋ የተጀመረው በሌላ ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በ1944 አገልግሎት ስትጀምር ኦርካ ተባለች። ቀደም ሲል ባየነው ደንብ መሠረት ስሟ የአንድ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ባሕረ ሰላጤውም አላስካ ውስጥ ይገኛል። ወደ 95 ሜትር ርዝመት ያላት፣ የባሕር አውሮፕላኖችን ነዳጅና ጥገና የምታቀርብ መርከብ ነበረች። በፓስፊክ ጦርነት ኒው ጊኒንና ፊሊፒንስን አይታለች። በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ባሕር ኃይል ስትሰጥ «ኢትዮጵያ» ተባለች። የምጽዋው ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች።

የዚህን ስም ክብደት ልብ በሉ። ያረጀች የሰው አገር መርከብ የአገር ስም ስትሸከም በባዕድ ወደብ መልሕቅ በጣለች ቁጥር አገሪቱ ራሷ የደረሰች ያህል ነው። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ ብዙ ስም ተፋቀ፤ የመንገድ፣ የትምህርት ቤት፣ የሆስፒታል ስም ተለወጠ። የመርከቧ ግን ባለበት ቆየ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ከሌሎች መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጀርመኖች መርከቧ ትጠፋና ስሙ ይዋረዳል ብለው ፈሩ። የእኛዋ ታሪክ ተገላቢጦሽ ነው፤ መርከቧ ሳትሰጥም አገሪቱ ከባሕሩ ራቀች፣ «ኢትዮጵያ» የምትመለስበት ወደብ አጣች።

ፊደሉ ሳይደርቅ

በአንዲት መርከብ ላይ የአንድ መንግሥት ውድቀት ሙሉ ታሪክ ሊነበብ ይችላል። ዛሬ አድሚራል ኩዝኔትሶቭ የምትባለው የሩሲያ አውሮፕላን ተሸካሚ ዩክሬን ውስጥ በኒኮላየቭ ስትጀመር የላትቪያን ዋና ከተማ ይዛ ሪጋ ተባለች። የሶቭየት ኅብረት መሪ ብሬዥኔቭ ሲሞቱ በእሳቸው ስም ተጠራች። ጎርባቾቭ መጥተው የብሬዥኔቭ ዘመን የድንዛዜ ዘመን ሲባል ደግሞ ትብሊሲ ሆነች። ጆርጂያ ነጻነት መጠየቅ ስትጀምር በ1990 ከተማም መሪም ተትቶ በአንድ አድሚራል ስም ረጋች። አገልግሎት በቅጡ ሳትጀምር አራት ስም!

እኅቷም ሪጋ ተብላ ነበር፤ ላትቪያ ልትወጣ ስትል ቫሪያግ ተባለች። ቫሪያግ በ1904 ከጃፓኖች ጋር ተዋግታ ሠራተኞቿ እጅ ከመስጠት ራሳቸው ያሰጠሟት የሩሲያ ክሩዘር ስም ነው። ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ሳትጠናቀቅ ለዩክሬን ቀረች። በ1998 በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ የማካው ኩባንያ ተሸጠች፤ ተንሳፋፊ ቁማር ቤት ትሆናለች ተባለ። በ2012 ግን ሊያዮኒንግ ተብላ የቻይና የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ተሸካሚ ሆና ወጣች።

አሜሪካኖቹም ከዚህ አላመለጡም። ሚያዝያ 1949 ዩናይትድ ስቴትስ የምትባል ግዙፍ አውሮፕላን ተሸካሚ ኪሏ በተዘረጋ በአምስተኛው ቀን ተሰረዘች፤ ፕሬዚዳንቱ ትሩማን ነበሩ። ስሙ ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ ለሌላ አውሮፕላን ተሸካሚ ተሰጥቶ ነበር፤ በ1995 እንደገና ተነሣባት። የተተካው ስም የማን እንደሆነ ገምቱ፤ ሃሪ ትሩማን። የአገሩን ስም ሁለት ጊዜ የነጠቀው ያው ሰው ነው፤ አንዴ በሥልጣኑ፣ አንዴ በስሙ።

ከብረቱ የተረፈው

ጦርነቱን በሙሉ የተዋጋችው ኢንተርፕራይዝ 20 የውጊያ ኮከብ ተሸልማለች፤ ይህን ያህል ያገኘ ሌላ የአሜሪካ መርከብ የለም። ይህ ግን አላዳናትም። አድሚራል ሆልዚ ቤተ መዘክር እንድትሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ሞከሩ፤ አልሞላም። በ1958 ተሸጣ ኒው ጀርዚ ውስጥ ተቆራረጠች።

የተረፈውን በቅርብ ሆነን እንመልከት። ስሟ የተጻፈበት የኋላ ብረቷ ሪቨር ቬል በተባለች የኒው ጀርዚ ከተማ የሕፃናት ቤዝቦል መጫወቻ አጠገብ ቆሟል። ደወሏ አናፖሊስ ባለው የባሕር ኃይል አካዳሚ ነው፤ የአካዳሚው ቡድን የምድር ጦሩን ትምህርት ቤት ዌስት ፖይንትን ሲያሸንፍ ይደወላል። ከግድግዳዋ የተነቀሉ ክብ መስኮቶች በ1961 አገልግሎት በጀመረችው ወራሽዋ፣ በዓለም የመጀመሪያዋ በኑክሌር የምትንቀሳቀስ አውሮፕላን ተሸካሚ በሆነችው ኢንተርፕራይዝ፣ በአዛዡ ክፍል ተገጠሙ። እሷም በተራዋ በ2012 መጨረሻ ስትሰናበት በሥነ ሥርዓቱ ላይ ቀጣዩ ስም ታወጀ፤ አዲሲቱም ኢንተርፕራይዝ ትባላለች። የዚህችኛዋ ኪል በ2022 ሲዘረጋ ከአሮጌዋ የተቀለጠ ብረት በግንባታው ውስጥ ገባ።

ስሙ ከባሕርም ወጥቷል። በስታር ትሬክ የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የጠፈር መርከቧ ኢንተርፕራይዝ ናት። በ1976 ናሳ የመጀመሪያውን ተመላላሽ የጠፈር መንኮራኩር ኮንስቲትዩሽን ሊል ሲል የፊልሙ ወዳጆች በደብዳቤ ብዛት አስለወጡት። ያ መንኮራኩር ዛሬ የሚታየው ኒው ዮርክ ላይ፣ ቤተ መዘክር በሆነችው በአውሮፕላን ተሸካሚዋ በኢንትሬፒድ ወለል ላይ ነው። የባሕሩ ስም በልብ ወለድ አድርጎ፣ ሰማይን ዞሮ፣ መልሶ መርከብ ላይ አረፈ።

የወጥ ቤት አሽከሩና ሴናተሩ

ግንቦት 27 ቀን 1942 ፐርል ሃርበር ላይ፣ በኢንተርፕራይዝ ወለል፣ አድሚራል ኒሚትዝ ለአንድ ወጣት ጥቁር ባሕረኛ የባሕር ኃይል መስቀል ደረቱ ላይ ሰኩለት። ዶሪስ ሚለር ይባላል። በዚያ ዘመን ጥቁሮች በአሜሪካ ባሕር ኃይል የሚመደቡት በአብዛኛው ለመኮንኖች ምግብ ለማቅረብና ክፍል ለማጽዳት ነበር። ሚለርም ሥራው ይኸው ነው። ጃፓኖች ፐርል ሃርበርን ሲደበድቡ ግን ዌስት ቨርጂኒያ በተባለችው መርከብ ላይ የቆሰሉትን ተሸከመ፤ ቀጥሎም ተኩስ ሳያስተምሩት የፀረ አውሮፕላን መትረየስ ይዞ ተኮሰ። ኅዳር 1943 ሊስኮም ቤይ የተባለችው አጃቢ አውሮፕላን ተሸካሚ በቶርፔዶ ስትመታ አብሯት ጠፋ።

በ1973 አንዲት ፍሪጌት በስሙ ተጠራች። በጥር 2020፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቀን ዕለት፣ ገና ከምትሠራው ኢንተርፕራይዝ ቀጥላ የምትመጣው ግዙፍ አውሮፕላን ተሸካሚ ዶሪስ ሚለር እንደምትባል ተገለጸ። ይህ ማዕረግ እስከዚያ በአብዛኛው የፕሬዚዳንቶች፣ የአድሚራሎችና የምክር ቤት ሰዎች ነበር። መኮንን ላልሆነ ባሕረኛም፣ ለጥቁር አሜሪካዊም ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው።

በዚያው የባሕር ኃይል ውስጥ ጆን ስቴኒስ የምትባል አውሮፕላን ተሸካሚ አለች። ሴናተር ስቴኒስ የሚሲሲፒ ሰው ነው፤ ለባሕር ኃይሉ በጀት ትልቅ ባለውለታ ነበር፤ በ1956 የጥቁርና የነጭ ተማሪዎችን አብሮ መማር የተቃወመውን የደቡቦች መግለጫም ፈርሟል። ሁለቱ ስሞች አብረው መጓዛቸው የሚያስገርም ከሆነ ክርክሩ ገና አለማለቁን ማወቅ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባርነት ከቆመው ወገን ድል ስሟን ያገኘችው ክሩዘር ቻንስለርስቪል፣ በ2023፣ በ1862 የዚያኑ ወገን መርከብ ነድቶ ባመለጠው በሮበርት ስሞልስ ተጠራች። በ2025 ደግሞ በግብረ ሰዶማውያን መብት ተሟጋቹ በሃርቪ ሚልክ ትጠራ የነበረች የነዳጅ መርከብ በተተኪው አስተዳደር ትእዛዝ ስሟን አጣች። አንዱ ይሰጣል፣ ተተኪው ይነሣል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። በመርከብ ላይ ግን ራሱን ችሎ አይውልም፤ የሚያውለው ሰው ይፈልጋል። በፎር ሪቨር ሠራተኞቹ ስለጠየቁ ሌክሲንግተን ተመለሰች፤ «ኢትዮጵያ»ን የሚያነሣላት ባሕር ኃይል ባልነበረበት ዘመን ስሙ ከብረቱ ጋር ተሸጠ። ስለዚህ የጦር መርከብ ስም ስታነቡ ስለ ማን እንደሆነ ብቻ አትጠይቁ፤ መቼ እንደተሰጠ፣ ማን እንደሰጠውና የማን ስም ተነሥቶ እንደተተካ ጠይቁ። ዛሬ የምትሠራ አውሮፕላን ተሸካሚ ግማሽ ምዕተ ዓመት እንድታገለግል ታስባ ነው የምትሠራው። ስሟን የሚያወጣው ሚኒስትር ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል፤ ያንን ስም ደረታቸው ላይ ለጥፈው በመጨረሻ የሚያገለግሉት ባሕረኞች ገና አልተወለዱም። ዶሪስ ሚለር በዚያን ጊዜ ጀግና ነው ወይስ የተረሳ ስም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።